የካሴቱ ጭራ

በአልዩ አምባ የዓለምን ሁኔታ ማወቅ የፈለገ ሰው በገበያ ቀን የዘይኑልአቢዲን ልብስ ስፌት ቤት ሄዶ ይቀመጥ ነበር። የመንደሩ ቴፕ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። ሬዲዮ የሚያወራው ያንኑ የዘመቻና የኮታ ነገር ነው፤ ከጅዳና ከጅቡቲ የሚመጣው ካሴት ግን ሰው እዚያ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ምን በልቶ እንደሚያድር፣ አሠሪው ሲቆጣ ምን እንደሚል ይናገራል። የሰማው ሁሉ መልሱን እዚያው ካሴት ላይ ይሞላበታል። ካሴቱ ይሄዳል፣ እነዚያም ይመልሳሉ፣ ይመጣል። የቱ አገር ይሻላል የሚለው ክርክር እንዲህ ባሕር ሲሻገር ስንት ዓመቱ፤ ፈራጅ ግን አልተገኘለትም።

የዛሬውን ካሴት የላከው ረሺድ ነው፤ ለዘይኑልአቢዲን የወንድም ልጅ ይሆናል። ጅዳ ሲሚንቶ ይሸከማል። ሚስቱ አፊፋ ከሴቶቹ ጋር በሩ አጠገብ ሻሿን ወደ ግንባሯ ጎተት አድርጋ ተቀምጣለች። እሷ ስለ አገር ውድድር ግድም የላት። ባለፈው ካሴት «ልምጣ ወይስ ልቅር?» ብላ ጠይቃው ነበርና መልሱን ነው የምትጠብቀው። ወንድሟ ዓወል በነጋታው ግመሎቹን ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ የይለፍ ወረቀት የማይጠየቅበትን መንገድ እስከ ጅቡቲ ያውቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕሩን መሻገር ነው። ዛሬ ነገ ስትል ካመለጣት ክረምት ይገባል፣ አዋሽ ይሞላል፣ ዓመት መጠበቅ ነው።

ባል በካሴት ሲናገር ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ለሽማግሌዎች፣ ቀጥሎ ለጎረቤት፣ በመጨረሻ ለሚስት። ለሚስቱ ከመናገሩ በፊት ደግሞ ወንዶቹ ተነሥተው እስኪወጡ ብሎ ዝም ይላል። ረሺድ ጨዋ ነውና ዝምታውን ረዘም ያደርጋታል።

መንደሩ አባ ዘይኑ የሚላቸው ዘይኑልአቢዲን ሲነጋ ፀሐይ ላይ ያሰጧቸውን የባትሪ ድንጋዮች ቴፑ ውስጥ ከተቱና ከፈቱት።

«እዚህ ሥጋ በየቀኑ ነው» አለ የረሺድ ድምፅ። «ውኃ ከግድግዳ ይወጣል። ፀሐዩ ግን አናት ይበሳል። አሠሪዬ ስሜን አያውቀውም፣ አንተ ሐበሻ ነው የሚለኝ። ክፍያው አልሐምዱሊላህ። ይኸው ነው አባቶቼ፣ ዱዓችሁ አይለየኝ።» አለና ዝም አለ።

«በየቀኑ ሥጋ!» አለ ወልደአረጋይ። ከአንኮበር ገብስ ጭኖ የወረደ ነጋዴ ነው፤ ላልተላከለት ካሴት ሁሉ አስተያየት አያጣም። «እኛማ እዚህ…»

የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ተቀምጦ ነበርና ጉሮሮውን ጠረገ። ወዲያው ቤቱ በአገር ወዳድ ተሞላ።

«ዝናብ የማያውቅ ምድርም አገር ተባለ?» አሉ አባ ዘይኑ። «ስምህን የማያውቅ አሠሪስ አሠሪ ነው? እኛ ዘንድ ለማኙ እንኳ በስሙ ይጠራል!»

«በስሜ ተጠርቼ ጦሜን ከማድር፣ ስሜን ረስተው ሥጋ ቢያበሉኝ ይሻለኛል» አለ ወልደአረጋይ። ሰው ሁሉ ሣቀ።

አባ ዘይኑ መሣቂያ መሆን አይወዱም። «አሁኑኑ ይመለስለታል!» ብለው ድምፅ የሚቀዳውን ቀዩን ቁልፍ እዚያው ላይ ተጫኑት። በወዲያኛው ገጽ መንዙማ አለ፤ እሱን መንካት ነውር ነው።

የረሺድ ዝምታ ገና አላለቀም ነበር። አፊፋ ይህን ታውቃለች። «አባ ዘይኑ፣ አላለቀም፣ ኧረ ቆዩማ» አለች፤ ግን በአፏ ውስጥ ነው ያለችው፣ የሰማቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ዙቤዳ ብቻ ናት። ይህን ያህል ወንድ በተቀመጠበት የኔ ድርሻ ቀርቷል ብሎ መጮህ ከየት ይመጣል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለች ነው ያደገችው። ክሩ የባሏን ቃል እያጠፋ ሲዞር እያየች ተቀመጠች። አባ ዘይኑ ዝናቡን አሞገሱ፣ ማሩን አሞገሱ። ጥበቃው መሬት ላራሹ መሆኑን ጨመረበት። ወልደአረጋይም ቢሆን ማይክ ሲያገኝ ዞረና ስለ አንኮበር አየር ጤናማነት ብዙ ተናገረ።

ወንዶቹ ሲወጡ ዙቤዳ ነገሩን ተናገረች። አባ ዘይኑ ደንግጠው ካሴቱን አወጡና በእርሳስ ወደ ኋላ ያጠነጥኑት ጀመር። ከዚያ የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ። ረጅም ነበር፤ ሲናገሩት እንዲህ አልረዘመባቸውም። መጨረሻ ላይ ቋ አለና ረሺድ መጣ፤

«…ይኸው ነው አፊፋዬ። ከልቤ ነው፣ እንዳልኩሽ አድርጊ። አላህ ያገናኘን።»

ካሴቱ አለቀ።

መንደሩ እንደ ልማዱ ፍርዱን ሰጠ። ሥጋ በየቀኑ ነው ያለ ሰው ነይ ማለቱ ነው ያሉ ነበሩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል ያለ ሰው ቅሪ ማለቱ ነው ያሉት ግን በዙ። አባ ዘይኑም «ሚስቱን በረሃ አያስገባም፣ ቅሪ ነው ያለሽ» አሏት። የሚያሳዝነው አፊፋም በልቧ እንደዚያው መስሏታል። ድምፁ ክፉ ነገር እንደሚያረዳ ሰው ከበድ ብሎባታል። ሆኖም ስለ ሥጋው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ክፍያው ያ ሁሉ ሲወዳደር፣ ባል ካለበትና ከሌለበት አገር የቱ ይሻላል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ አናደዳት።

በነጋታው ዓወል ግመሎቹን ሲጭን ትንሽ ጓዟን አዝላ መጣች። ሰው ተሰብስቧል።

«እሺ፣ ምን አለሽ?» አላት ዓወል።

«ነይ ብሎኛል» አለች ጮክ ብላ። በዕድሜዋ በወንዶች ፊት እንዲህ ጮኻ አታውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን «የት ላይ ነው እንዲህ ያለሽ?» ማለት ይችል ነበር፤ አባ ዘይኑ ግን ቃሉን ያጠፉት ራሳቸው ሆነው በምን አፋቸው ይላሉ? ለመንገድ ትሁንሽ ብለው የራሳቸውን ጋቢ ሰጧት።

ካሴቱን በመቀነቷ ቋጥራ ወረደች። አገራችንን የሚያህል አገር የለም የሚለው የአባ ዘይኑ ድምፅ አብሯት ከአገር እየወጣ ነው። ረሺድ «ቅሪ አላልኩሽም?» ቢላት የምትመልሰውን ከመጀመሪያው ቁልቁለት ጀምራ አሰናድታለች። «አልሰማሁህም፣ አጎትህ አገራቸውን ሲያሞግሱ አጠፉህ» ትለዋለች፤ ካሴቱም ምስክሯ ነው። ነይ ብሏት ከሆነ ግን ያሰናዳችው ነገር የለም። ያን ጊዜ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።