መንገድ ላይ ተበላሸ በል

«ናይጄል፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው እንጂ። የምንገፋው መኪና ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን?»

ሞሪስ ይህን ያለው ሁለት እጁን የመኪናዋ የኋላ መስታወት ላይ አስደግፎ፣ በላብ ተጠምቆ ነው። ስማቸውን በቅጡ የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች አጠገቡ ሆነው አብረውት ይገፋሉ። መሪ የያዘው ናይጄል ደነገጠና ፍሬኑን ለቀቀ። ሰማያዊዋ መኪና ከመኪና ውድድር ሜዳው በር ወጥታ ወደ እንግሊዟ ሊንከንሻየር የገጠር መንገድ ብቅ አለች።

በሩን የምትጠብቀው ሴትዮ አንጸባራቂ ሰደርያዋን ለብሳ፣ ሻይዋን ይዛ ታያቸዋለች። ምን እየሠራችሁ ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

«ወደ ግራ ነው» አለች። «ቁልቁለት ስለሆነ አትደክሙም። ሳንድዊች የሚሸጠው ሰውዬ ጋ አቁሟት፤ ሁሉም እዚያ ነው የሚበላሽባቸው።»

ናይጄል እዚህ ሜዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። እንደ እሱ ፍጥነት የሚወዱ ሰዎች ከፍለው፣ የገዛ መኪናቸውን ያለ ትራፊክ ፖሊስ እንደልባቸው የሚነዱበት ቀን አለ። ብዙዎቹ መኪናቸውን ተሳቢ ላይ ጭነው ይመጣሉ። ናይጄል ግን ጠዋት ከቤቱ እየነዳ መጥቶ የልጅ ልጁን መቀመጫ፣ የውሻውን ምንጣፍና የሚስቱን ጃንጥላ ሣሩ ላይ ይከምራል። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲያቃጥል ይውልና ዕቃውን መልሶ ከትቶ፣ ያችኑ መኪና እየነዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚህም ይኮራል። «ራሷን ሜዳ ማድረስ ያቃታት መኪና መኪና አይደለችም፣ ሻንጣ ናት» ማለት ይወዳል፤ በተለይ ሞሪስ በሚሰማበት ቦታ። ሞሪስ የናይጄል ከተማ ልጅ ነው። ትንሿን ቀይ መኪናውን እንደ ሙሽራ ሸፋፍኖ፣ ተሳቢ ላይ ጭኖ፣ በቫን እየጎተተ ነው የሚያመጣት።

ያን እሑድ ከምሳ በኋላ ናይጄል ዳገቱ ላይ አንዱን ሊቀድም ሲል ማርሽ ቀየረ። ከሥር ብረት ድስት በደረጃ ሲንከባለል የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አልል አለች። ካምቢዮው አለቀለት።

ናይጄልና ሚስቱ ሎሬይን በየዓመቱ የሚከፍሉለት የእርዳታ ድርጅት አለ። መኪና ሲበላሽ ከየትኛውም መንገድ አንስቶ ቤት ድረስ ያመጣል። ከውድድር ሜዳ ግን አያነሳም። ግፊያው የመጣው ለዚህ ነው። ችግሩ ናይጄል የሚሠራው ኢንሹራንስ ውስጥ መሆኑ ነው። ሥራው መኪናቸውን አንድ ቦታ ሰብረው ሌላ ቦታ ተሰበረ የሚሉ ሰዎችን ማጋለጥ ነው። በቅርቡ እንኳ የአንድ የጥርስ ሐኪምና የአንድ ቄስ ውል አሰርዟል።

ከሳንድዊች ሻጩ ጋሪ አጠገብ መኪናዋን አቆሟት። የገፉት ሰዎች ተመለሱ። ሞሪስም ሄዶ ቫኑን ከነተሳቢው አመጣና ጎን አቆመው። ከእርዳታ ድርጅቱ ደውለው ያስጠሯት ጎታች መኪና እስክትመጣ ድረስ ናይጄልን ብቻውን አልተወውም።

«በል ተለማመድ» አለው። «ሹፌሩ ምን ሆነ ሲልህ ምን ትላለህ?»

«እኔ እንጃ።»

«እንዲህ በል። እህቴን ጠይቄ ስመለስ አንዲት ሚዳቋ ከቁጥቋጦው ዘላ ወጣች፤ እሷን ላድን ብዬ ማርሹን ሳወርድ...»

«ሚዳቋዋ ከየት መጣች?»

«ከቁጥቋጦው አልኩህ።»

«ሞሪስ፣ ሚዳቋ አታስገባ። ውሸታም ሁሉ እንስሳ ያስገባል። ከእንስሳው ቀጥሎ ደግሞ የታመመ ዘመድ ይመጣል።»

«እህትህን ላሳምማት ነበር» አለ ሞሪስ ቅር ብሎት።

ሳንድዊች ሻጩ ሽንኩርቱን እያገላበጠ «ባለፈው የነበረው ሰውዬ ፈረስ ነው ያለው» አለ። «ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው። አልቅሷል።»

ናይጄል አልሳቀም። ጠዋት ሎሬይን በር ላይ ቆማ ያለችው ነው የሚታሰበው። «ሂድ ተጫወት። ማታ ግን መኪናዋ እዚህ ቆማ ልያት። ነገ ጠዋት እማዬን ለዓይኗ ኦፕሬሽን ሆስፒታል የምናደርሳት በእሷ ነው።» የሎሬይን እናት ቤሪል ይህን ቀጠሮ ሲጠብቁ ክረምቱ አልፏል።

ጎታቿ መኪና ብዙ ሳትቆይ መጣች። የምትነዳው ዴኒዝ የምትባል ደንዳና ሴት ነበረች። ወርዳ ጎማዎቹን አየች፤ ላያቸው ቀልጦ እንደ ቅጥራን ይጣበቃል። የናይጄልን ግንባር አየች፤ የሄልሜቱ ምልክት ቀይ መስመር ሆኖ ቀርቷል። ሜዳው ሲገባ እጅ ላይ የሚያስሩት ብርቱካናማ ወረቀትም ገና አልተፈታም።

«መንገድ ላይ ነው የተበላሸው፣ አይደል ወንድሜ?» አለችው። «አዎ በለኝና ልጫናት።»

አንዲት ቃል ናት። ሞሪስ ከኋላዋ ቆሞ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቅለታል። ናይጄል አፉን ከፈተ። ጆሮው እስኪያቃጥለው ድረስ ፊቱ ጋለ። ያ ቄስ ቢሮው መጥቶ ሲቀመጥ እንዲህ ቀልቶ እንደነበር ትዝ አለው።

«ሜዳው ላይ ነው» አለ።

«አልሰማሁህም።»

«ሜዳው ላይ ነው የተበላሸው። ገፍተን ነው ያወጣናት።»

«በዚህ በኩል ጆሮዬ ደከም ይላል» አለች ዴኒዝ ቀስ ብላ። «እንደገና ልጠይቅህ። ደህና አድርገህ አስብና መልስልኝ። መንገድ ላይ ነው?»

«አይደለም። ሜዳው ላይ ነው።»

ዴኒዝ ሰማይ ሰማዩን አየች። «ሃያ ዓመት እዚህ መንገድ ላይ ተመላልሻለሁ» አለች። «እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ለአለቃዬ ምን እንደምለው እንኳ ግራ ገባኝ።» ከዚያ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ትከሻውን ነካ አድርጋው፣ ሳንድዊች ገዝታ ባዶ መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ሞሪስ ወደ ተሳቢው ሄዶ ቀይዋ መኪና የታሰረችበትን ቀበቶ ይፈታ ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ላወርዳት ነዋ። ሰሌዳ አላት፤ መንገድ ላይ መሄድ ትችላለች። እኔ እሷን እነዳለሁ፣ አንተ በቫኑ ሻንጣህን ትጎትታለህ።»

ናይጄል ግራ ተጋብቶ አየው። «ይሄ ከመጀመሪያውም ይቻል ነበር ማለት ነው?»

ሞሪስ ቀና አላለም። «ከበሩ ጀምሮ ሳስበው ነበር። እሷ ውስጥ ሁለት ሰዓት ከተቀመጥኩ ወገቤ ሳምንቱን ሙሉ አይዘረጋም። ዝናብም ታስገባለች። አንተ አንዲት ውሸት ብትዋሽ እኔ ተመችቶኝ ቤቴ እገባለሁ ብዬ ነው። ይኸው እምቢ አልክ።»

«ይቅርታ።»

«ዝም በልና ያንን ቀበቶ ያዝ።»

ናይጄል ቀበቶውን እየጠቀለለ «ቫኑ ላይ ያለው ኢንሹራንስህ ግን እኔን...» ማለት ጀመረ።

«ለማንም ይሠራል። ስለ ኢንሹራንስ ደግመህ ካነሳህ ግን ከዚህ ሰውዬ ጋር ሽንኩርት ስትጠብስ ታድራለህ።»

ናይጄል በዕድሜው ተሳቢ ጎትቶ አያውቅም። መታጠፊያ ባየ ቁጥር ፍሬን ይይዛል። ከኋላው የተሰለፈው መኪና ጫፉ አይታይም። አንድ ቦታ ላይ ትራክተር ቀደመው፤ ባለትራክተሩም ሲያልፍ በሐዘኔታ እጁን አነሳለት። ከተሳቢው ኋላ ትንሿ ቀይ መኪና እየጮኸች ትከተላለች። ዝናቡ ሲጀምር ናይጄል በመስታወቱ ሞሪስን አየው፤ ባንድ እጁ መሪ ይዞ፣ በሌላው በፎጣ ራሱን ያብሳል።

ሎሬይን ጩኸቱን ሰምታ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ቫኑን አየች፤ ተሳቢው ላይ የተጫነችውን የገዛ መኪናዋን አየች፤ እጇን አጣምራ ቆመች።

«ካምቢዮው ነው» አለ ናይጄል። «ሜዳው ላይ ሰበርኩት።»

«በየዓመቱ የምንከፍላቸው ሰዎችስ?»

«ሜዳ ላይ መሆኑን ነገርኳቸው።»

«ለምን?»

«ጠየቀችኝ» አለ።

ሎሬይን ረጅም ጊዜ አየችው። ተቆጥታ ይሁን ሌላ ነገር አልታወቀም። ደግነቱ በዚህ መሀል ሞሪስ መውጣት አቅቶት ከቀይዋ መኪና ውስጥ ይጣራ ጀመር። ሁለቱ ግራና ቀኝ እጁን ይዘው ጎትተው አወጡት። እንደ ተጣጠፈ ቀረና ግድግዳ ተደገፈ።

«እኔ ተመልሼ እዚያ ውስጥ አልገባም» አለ፤ ቁልፉን ለናይጄል እየዘረጋ። «ቫኑን ይዤ እሄዳለሁ። እናትሽን ነገ በእሷ አድርሷቸው።»

«እናቴን?» አለች ሎሬይን። «በዚህች? ታክሲ እጠራለሁ።»

ቤሪል ግን ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በቤት ጫማቸው ወጥተው መጥተዋል። ቀይዋን መኪና ዞሩና በደህናው ዓይናቸው መረመሯት።

«ናይጄል፣ በሩን ክፈትልኝ እስቲ።»

«ዝቅ ያለች ናት፣ ይቸገራሉ እኮ።»

«ክፈትልኝ አልኩህ።»

ደግፏቸው ገቡ። ትከሻና ወገብ የሚጠፍረውን የውድድር ቀበቶ እያገላበጡ አዩት፤ ከዚያ አሰረላቸው።

«በጣም ትጮኻለች?»

«በጣም።»

«ሆስፒታሉ ውስጥ ይሰማል?»

«ገና ሳንደርስ ይሰማል።»

ቤሪል ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ሐኪሙ መምጣቴን ያውቃል» አሉ። ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፊት ለፊት ማየት ጀመሩ።

«እማዬ፣ ውጪ በይ» አለች ሎሬይን።

ቤሪል እንዳልሰሙ ሆኑ። ሎሬይን ናይጄልን አየች፤ ሞሪስን አየች። ሞሪስ ጎንበስ እንዳለ ጫማውን የሚመረምር መሰለ። ዞራ ወደ ቤት ገባች፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ናይጄል ታክሲ ልትደውል ነው ብሎ የእናቷን ቀበቶ ለመፍታት ጎንበስ አለ።

በሩ ተከፈተ። ሎሬይን ከሶፋው ላይ ያነሳችውን ትራስ ይዛ ወጣች፤ በናይጄል ጎን አልፋ፣ ትራሱን ከእናቷ ወገብ ኋላ ሸጎጠችና በእጇ ጫን ጫን አደረገችው።