ወተት የነካው ብርጭቆ

ኤርኒ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣ «ቤሪል፣ ይሄ ቢራ ነው ወይስ የቀዘቀዘ ሻይ?» አለኝ።

ስቀዳለት ሁለት ጣት የሚሞላ ነጭ አረፋ ነበረው። ኤርኒ ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ አረፋው ተፈረካክሶ ጠፋ። የቀረው ጠርዙን የከበበ ስስ ክር ብቻ ነው። በእኛ ሸለቆ ሰው ቢራ የሚጠጣው በዓይኑም ጭምር ነው። እያንዳንዱ ጉንጭ ብርጭቆው ውስጥ እንደ ዳንቴል ያለ ነጭ ቀለበት ጥሎ መውረድ አለበት። ኤርኒ አርባ ዓመት የሽመና ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ስለሆነ ባዶ ብርጭቆ የሚመልሰው ቀለበቶቹን ቆጥሮ ነው። ስምንት ካገኘ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለዋል። በዚያ ሳምንት አንድም አላገኘም።

«ሌላ ልቅዳልህ።»

«ሌላውም ያው ነው። እኔ ግድ የለኝም፣ እጠጣዋለሁ። ሐሙስ የሚመጣው ሰውዬ ግን እንደ እኔ የዋህ አይደለም።»

ሐሙስ የሚመጣው ፔምበርተን ነው፣ የቢራ ፋብሪካው ተቆጣጣሪ። የመጠጥ ቤታችን፣ በሸማኔው ዕቃ ስም፣ «መወርወሪያው» ይባላል። ሕንፃው የፋብሪካው ሲሆን ዊልፍ አክሮይድ ተከራይቶ ያስተዳድረዋል። ፔምበርተን በመጋቢት መጣ፣ በሚያዝያም መጣ። ሁለቴም «ቢራው አረፋ አይይዝም፣ ብርጭቆው ንጹሕ አይደለም» ብሎ ጻፈ። ለሦስተኛ ጊዜ እንዲያ ከጻፈ ፋብሪካው ዊልፍን አስወጥቶ ሌላ ሰው ያስገባል። ደብዳቤው ይህንኑ በግልጽ ይናገራል።

ዊልፍና ሚስቱ አይሪን የሚኖሩት ከመጠጥ ቤቱ በላይ፣ ፎቁ ላይ ነው። አይሪንን ከአሥራ አንድ ሳምንት በፊት ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ ሰነፈ፣ ንግግሯም ተያዘ። ዊልፍ ግድግዳው ላይ የቸነከረላትን እንጨት በግራ እጇ ይዛ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ መድረስ የቻለችው ገና በዚያ ወር ነበር። የማታውቀው ቤት ብትወሰድ ያንን መንገድ እንደገና ከአንድ መጀመር ነበረባት። ትጀምር እንደሆነም ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

የብርጭቆ ማሽኑን የማጥበው ደግሞ እኔ ነኝ። እዚህ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከባንኮኒው ሥር ያለ፣ እስከ ወገቤ የማይደርስ የብርጭቆ ማጠቢያ ነው። ቀን ሙሉ የሚያጥበው በአንድ ውሃ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን የሳሙና ውሃ እየመላለሰ ይረጭና መጨረሻ ላይ ብቻ በሚፋጅ ንጹሕ ውሃ ያለቀልቃል። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ይዞት የገባው ነገር ሌሎቹን ሁሉ ይነካል። በየቀኑ ውሃውን አፈሳለሁ፣ ወንፊቶቹን አውጥቼ በብሩሽ እፈትጋለሁ፣ በሩን እንዲደርቅ ከፍቼ እተወዋለሁ። ከማሽኑ በላይ ዊልፍ ከሠላሳ ዓመት በፊት በእጁ የጻፈው ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ወተት፣ ቡና፣ የምግብ ሳህን እዚህ አይገባም»። ቅባት የአረፋ ጠላት ነው። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ዊልፍ ነው።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት በማቅለሚያ ፋብሪካው የመመርመሪያ ክፍል ሠርቻለሁ። እዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ምክንያቱን ካላወቅህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትለውጥ፤ አንዱን ለውጥና ጠብቅ። በሳምንቱ መጀመሪያ ሳሙናውን ለወጥሁ። ምንም የለም። ማክሰኞ በርሜሎቹ ካሉበት ምድር ቤት ወደ ባንኮኒው የሚመጣውን የቢራ ቧንቧ አጠብሁ። ምንም። ዊልፍ አላየኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። በልቤ ጥፋተኛዋ ራሴ እንደሆንኩ አምኜ ነበር።

ረቡዕ ጨው ይዤ መጣሁ። የጨው ፈተና ቀላል ነው። ብርጭቆውን ውስጡን በውሃ ታረጥባለህ፣ ታንጠባጥባለህ፣ ጨው ትበትንበታለህ። ንጹሕ ከሆነ ጨዉ ሁሉም ቦታ እኩል ይጣበቃል። ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ግን አይዝም፣ ራቁቱን ይተወዋል።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ስንከፍት ብርጭቆው እንደ በረዶ ነጣ። አምስት ተኩልም እንዲሁ። ስድስት ሰዓት ላይ አዲስ በርሜል ልገጥም ወደ ምድር ቤቱ ወረድሁ። ስመለስ ከማሽኑ የወጣውን ብርጭቆ ብሞክረው ጨዉ ሰፋፊ ራቁት መስመሮች ትቶ ወረደ። እኔ ሳልኖር ማሽኑ አንድ ጊዜ ሠርቷል፤ ክዳኑ ገና ትኩስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከባንኮኒው አልተነሳሁም።

«ዛሬ እንደ ዶሮ ተቀምጠሽ ነው የምትውይው?» አለ ኤርኒ።

«እንቁላሉን አንተ ትበላለህ።»

ስምንት ሰዓት አካባቢ ዊልፍ ከፎቅ ወረደ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ትልቅ ሰውነት አለው፣ እርምጃው ግን ድምፅ የለውም። በፎጣ የተሸፈነ ትሪ ይዟል። እኔ ጥጉ ላይ ጎንበስ ብዬ ጠርሙስ እደረድር ስለነበር አላየኝም። ፎጣውን ገለጠ፣ እጀታ ያለው የቢራ ብርጭቆ አወጣ፣ በቧንቧ ውሃ ቶሎ አለቀለቀ፣ በማሽኑ መደርደሪያ ጥግ ላይ ደፍቶ አስገባው። ክዳኑን ዘግቶ እጁን እላዩ ላይ ጭኖ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ይመስል ነበር።

«ዊልፍ፣ ብርጭቆው ውስጥ ምን ነበር?»

አልደነገጠም። «የአይሪን ምሳ ነው።»

«ምን ምሳ?»

«ወተት። በስታርች ወፈር አድርጌ። ቀጭን ነገር ትን ይላታል።»

«በቀን ስንቴ?»

«ሦስቴ።»

ከራሱ በላይ ያለውን ሰሌዳ አላየሁም፤ እሱ ግን አየው።

«አውቃለሁ» አለ። «ራሴ ነኝ የጻፍኩት። አለቅልቄ ካስገባሁት ምናልባት አይጎዳም ብዬ ነው። ነርሷ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ዕቃዋ በሚፋጅ ውሃ ይታጠብ፣ ጉሮሮዋ ደክሟል፣ ቆሻሻ ነገር ወደ ሳንባዋ ከወረደ ለክረምቱ አትደርስም አለችኝ። በዚህ ቤት ከዚህ ማሽን የበለጠ የሚፋጅ ውሃ የለም። ሠላሳ ዓመት ያመንኩት እሱን ነው።»

«ሆስፒታል የሰጧት የፕላስቲክ ኩባያስ?»

«ያ አፍ ያለው? ሁለቴ ወረወረችው፤ ሁለተኛውን እኔ ላይ ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አርባ ዓመት ቢራ የቀዳች ሴት ናት፣ ቤሪል። እንደ ሕፃን ጥቢ ስትባል ምን ታድርግ? በብርጭቆ ስሰጣት ግን እስከ ታች ትጠጣዋለች።»

«ቢራው እየሞተ እኮ ነው። ነገ ፔምበርተን ይመጣል።»

«ነገ ይመጣል። እሷ ደግሞ ዛሬም መጠጣት አለባት።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ወንፊቶቹን ቆዳዬ እስኪላጥ ስፈትግ፣ እሱ እያየ ዝም ብሏል። ግን ትሪውን የያዘበትን አያያዝ አየሁ፤ በሁለት እጁ፣ ወደ ደረቱ አስጠግቶ። ቁጣው መጥቶ አለፈ።

«ስማ» አልኩት። «ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ። ጡጧቸውን በድስት እየቀቀልኩ።»

«ይሄ ጡጦ አይደለም።»

«ብርጭቆ ነው፤ ከጡጦ ይቀላል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፤ ሙቅ ከቀደመ ወተቱ ይጋገርበታል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በማጠቢያ ሶዳ፣ ለእሷ ብቻ በሆነ ብሩሽ። ከዚያ ድስቱ ውስጥ ጨርቅ አንጥፈህ፣ ለብ ባለ ውሃ ጀምረህ ቀስ ብለህ ታፈላዋለህ፣ አሥር ደቂቃ። ደፍተህ በራሱ ይደርቃል። የማሽኑ ውሃ ሰማንያ ዲግሪ ነው፣ የድስቱ መቶ።»

«መቶ» አለ ዊልፍ። ቁጥሩን ለራሱ ደገመው። «አንቺ የማትመጪበት ቀንስ? እሑድ?»

«ቤቴ ከዚህ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ሕጉ ለከሰዓቱ ዘጋን። ዳግም እስክንከፍት፣ እስከ አሥራ አንድ ተኩል፣ ጊዜ አለን። ማሽኑን አፍስሰን የሚፈታውን ሁሉ ፈታን። እኔ በየቀኑ የማጥበው ንጹሕ ነበር፤ ቅባቱ የተደበቀው እጄ በማይደርስበት ነው። ዊልፍ ድንጋዩ ወለል ላይ ጉንጩን አስደግፎ ተኛና በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ አየ።

«አንተ እዚህ ነህ እንዴ» አለው ቅባቱን።

ውሃ መሳቢያው አፍ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ያለ ግራጫ ልጋግ ተለጥፏል፤ የኮመጠጠ አይብ ይሸታል። የበሩ ላስቲክ እጥፋት ውስጥም አለ። ውሃ የሚረጩትን ሁለት ክንዶች ነቅለን ጫፋቸውን ስንከፍት እዚያም አገኘነው። እኔ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በመርፌ ወጋሁ፣ እሱ ላስቲኩን በጥርስ ብሩሽ ፈተገ። መልሰን ገጥመን፣ ቅባት የሚገፈው ዱቄት ጨምረን ባዶውን አስነሳነው፤ አፈሰስን፤ ደገምን። የመጀመሪያው ውሃ ደፍራሽ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ውስጥ የወለሉ ድንጋይ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ከዚያ ብርጭቆዎቹ ቀሩ፣ ሁለት መቶ አሥር። ሁሉንም በዱቄቱ ውሃ ዘፍዝፈን በአዲስ ውሃ አሳለፍናቸው። ኤርኒ ጊዜው ሳይደርስ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ አስገባነው። አዘነልን መሰለኝ፣ ከመስቀያው ፎጣ አንስቶ አንዱን ብርጭቆ ሊወለውል ሲል፣

«ፎጣ አታስነካው፣ ቅባት አለው» አልነው ሁለታችንም እኩል።

ኤርኒ ፎጣውን ቀስ ብሎ መልሶ ሰቀለው። «እናንተ ሰዎች መቼ ተጋባችሁ? ለአይሪን ማን ይንገራት?»

የአይሪንን የማታ ወተት ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ በድስት። የሐሙስ ጠዋቱን ዊልፍ አጠበ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አሥር ደቂቃውን በሰዓቱ ለካ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ጨመረበት።

ፔምበርተን ሰባት ተኩል ላይ መጣ። ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው፤ መጥፎ ወሬ የሚጽፍ አይመስልም። ባርኔጣውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ምድር ቤቱን ማየት ይፈልጋሉ?» አለው ዊልፍ።

«እሱን ባለፈው አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው። የመጣሁት ለብርጭቆው ነው።»

እኔ ቀዳሁለት። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጌ ያዝሁ። አረፋው ወጣ፣ ቆመ። ፔምበርተን ወዲያው አልጠጣም፤ ሰዓቱን አውጥቶ አራት ደቂቃ ጠበቀ። አራት ደቂቃ ረጅም ነው። ኤርኒ ሰዓቱን ለማየት አንገቱን አሰገገ። አረፋው እዚያው ነበር። ከዚያ ጠጣ፤ አንድ ቀለበት። ደግሞ ጠጣ፤ ሁለተኛው ቀለበት ከመጀመሪያው በታች ተቀመጠ። አምስተኛው ላይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ደብተሩን አወጣ።

«ማሽኑን የሚይዘው ማነው?»

«እሷ ናት» አለ ዊልፍ።

«እርስዎ ነዎት? ምን አጋጥሞ ነበር?»

ዊልፍን አላየሁትም። «ወተት የነካው ብርጭቆ ገብቶ ነበር። ከእንግዲህ አይገባም።»

ፔምበርተን ጥቂት አሰበና ያንን አልጻፈውም። የጻፈውን ገልብጦ አሳየን፦ ብርጭቆ ንጹሕ፣ አረፋ ጥሩ፣ ውሉ ይቀጥል። ቀሪውን ቢራ ቆሞ ጨረሰውና ሄደ። ኤርኒ ባዶውን ብርጭቆ ስቦ ቀለበቶቹን ቆጠረ። «ሰባት። ሰውየው ጉንጩ ትልቅ ነው» አለ።

ዊልፍ ትንሽ ብርጭቆ አንስቶ ግማሽ ድረስ ቀዳ፣ ከመሳቢያው የሻይ ማንኪያ ወሰደ፣ ወደ ደረጃው ሄደ። ተከተልኩት።

«ዊልፍ፣ ቢራ እኮ መዋጥ አትችልም።»

«ቢራውን አይደለም፣ አረፋውን ነው። ነርሷን ገና በመጋቢት ጠይቄያታለሁ፤ ቀጥ ብላ ከተቀመጠች የማንኪያ ጫፍ አይጎዳም ብላኛለች። ደረጃውን ወጥቶ የሚደርስ አረፋ ግን አልነበረንም።»

አይሪን መስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ ነበረች። ዊልፍ ትራሱን ከጀርባዋ አስተካክሎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። በማንኪያው ጫፍ ከአረፋው ነካ አድርጎ ወደ ከንፈሯ አቀረበ። ዓይኗን ጨፈነች። ምላሷ ሲሠራ፣ ጉሮሮዋ አንዴ ሲወጣ ሲወርድ አየሁ። አላሳላትም። ዊልፍ ማንኪያውን በአየር ላይ እንደያዘ ጠበቀ።

አይሪን ዓይኗን ገልጣ አየችው። አፏ ቃሉን ለመያዝ ብዙ ደከመ።

«ሞ… ሞቋል» አለች።

ዊልፍ ወደ እኔ ዞረ፣ መልሶ ወደ እሷ። ብርጭቆውንና ማንኪያውን በእጄ አስይዞኝ ወጣ። እስከ ምድር ቤቱ ሲወርድ ሰማሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እርምጃው ድምፅ ነበረው። ትንሽ ቆይቶ ከታች ተጣራ፦

«ምድር ቤቱ አሥራ አራት ዲግሪ ነው። ለቢራው ከሚገባው በሁለት ይበልጣል። ልክ ናት።»

አይሪን ከንፈሯ ላይ የቀረውን ላሰችና በግራ እጇ ማንኪያውን አመለከተችኝ። አረፋው ገና እንደቆመ ነበር።