ከሞጣ የተገዛው ስፒከር

ዘመነ ከቢቸና ሞጣ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ባለፉት ስድስት ዓመታት በሩ ላይ ቆማ ሰው የምታሳፍረውም የምታወርደውም ሚስቱ ስርጉት ነበረች። ከእሷ በፊት ሌሎች ረዳቶች ይዞ ነበር፤ አንዱም አልበረከተለትም። እሷ ከያዘችው ወዲህ ግን ዕቃው የጠፋበት፣ ከሰፈሩ አልፎ የወረደ ሰው አልተሰማም።

ስርጉት ድምፅ የላትም። እንቅርቷን በቀዶ ጥገና ካስወጣች ጀምሮ ከጉሮሮዋ የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ላይ ከባሏ ጋር የምትነጋገረው በመዳፏ ነበር። ጣሪያውን አንድ ጊዜ ከመታች ቁም ነው። ሁለት ጊዜ ከመታች ሂድ። ሦስት ጊዜ ከሆነ መንገድ ዳር የሚጠብቅ ሰው አለ ማለት ነው። ዘመነ ያችን መዳፍ በዝናብም ሆነ በኮረኮንች መንገድ ለይቶ ይሰማታል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ኋላ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል ሾፌር በዚያው መስመር ሌላ ሚኒባስ አስገባ። መናኸሪያው በር ሳይደርስ ዘፈኑ ይሰማል። ተራው ዘፈን የሌለው የዘመነ መኪና ሆኖ እንኳ ወጣት ተሳፋሪው ቆሞ ኃይለ ጊዮርጊስን ይጠብቃል።

«ዘመነ!» ይለዋል ኃይለ ጊዮርጊስ በሰው ፊት። «ያንተ መኪና ላይ ሰው የሚሳፈረው ንስሐ ሊገባ ነው እንዴ?»

«ካንተ የወረደውስ ጆሮውን ሊታከም ይሄዳል አሉ» ይላል ዘመነ።

ሰው ይስቃል። የበለጠ የሚሳቀው ግን በዘመነ ነበር። ይህን ያውቃል፤ ቤቱ ከገባም በኋላ ሲከነክነው ያመሻል።

አንድ ቅዳሜ ሞጣ እንደደረሱ መኪናውን አቆመና ስርጉትን አስከትሎ ሙጀሂድ ሱቅ ገባ። ሙጀሂድ ሱቁን ከአባቱ የተረከበ ነጋዴ ነው። የመኪና ቴፕና ስፒከር ይሸጣል፤ ራሱም ይገጥማል።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ ዘመነ? እትዬ ስርጉት፣ ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ።»

«ስፒከር ፈልጌ ነው። አምፕሊፋየርም።»

«ለምን ዓይነት ነገር?»

«ለምን ይባላል? ሊሰማ ነዋ!»

ሙጀሂድ ሳቀ። «ማለቴ፣ ሰው እያወራ እንዲሄድ ነው ወይስ ወሬውን እንዲተው?»

ሁለት ዓይነት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንደኛው ለፊት በሮች የሚሆን ጥንድ ስፒከር ከትንሽ አምፕሊፋየር ጋር ነው። ሁለተኛው በሳጥን የተዘጋ፣ ከኋላ ወንበር ሥር የሚገባ ትልቅ ቤዝ ስፒከር ነው። አምፕሊፋየሩ ክንድ ያህላል፤ ካርቶኑ ላይ ሁለት ሺህ ዋት ይላል።

«ሁለት ሺህ!» አለ ዘመነ።

«ካርቶኑን አይመኑ። ፊውዙን ይዩ።» ሙጀሂድ ትንሿን ፊውዝ ነቅሎ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። «ባለ ሠላሳ አምፔር ናት። እውነት ሁለት ሺህ ቢሆን ይቺ ወዲያው ትቃጠል ነበር። ሦስት መቶ ቢያወጣ ነው። ለሚኒባስ እሱም ይበዛል።»

«የኃይለ ጊዮርጊስ የትኛው ነው?»

«ትልቁ።»

ሙጀሂድ መጀመሪያ ትንሹን ከፈተ። የዘፋኙ ቃል አንድም ሳይዋጥ ተሰማ። ቀጥሎ ትልቁን ከፈተ። የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ አየ። ዘመነ ምቱ ደረቱ ውስጥ ሲገባ ተሰማውና ሳያስበው ፈገግ አለ።

«እርስዎስ እትዬ ስርጉት?» አለ ሙጀሂድ። «በሩ ላይ የሚውሉት እርስዎ ነዎት።»

ስርጉት ወደ ባሏ ጠጋ አለች። ጠረጴዛውን በመዳፏ አንድ ጊዜ መታ አደረገችና «ይሄስ እንዴት ይሰማል?» አለችው።

ዘፈኑ ገና አልጠፋም ነበር። ዘመነ ግን ሰምቷል። ከንፈሯን አይቷል፤ ቃሉም ጆሮው ገብቷል። እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ሙጀሂድ ዞረ።

«ትልቁን ግጠምልኝ።»

ሙጀሂድ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። «ትንሹን ይውሰዱ ጋሼ። ካልተስማማዎት እቀይርልዎታለሁ።»

«ትልቁን አልኩህ እኮ!»

ሙጀሂድ ትልቁን አነሣ። ሽቦውን ይዞ ወደ መኪናው ወጣ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ወጣቱ ወደ ዘመነ መኪና ተመለሰ። ኃይለ ጊዮርጊስም ፌዙን ተወ። ስርጉት ጣሪያውን ከበፊቱ አጠንክራ መምታት ጀመረች። እሱ ደግሞ በጆሮው ፋንታ በመስታወት ማየት ለመደ። ማታ ማታ መዳፏን ለብ ባለ የጨው ውኃ ስትነክር ያያታል። ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቃትም።

አንድ የገበያ ቀን ደብረ ወርቅ አጠገብ አንዲት ባልቴት ወራጅ ነበሩ። ስርጉት ጣሪያውን አንድ ጊዜ መታችና እሳቸውን ደግፋ ወረደች። የባልቴቲቱን ቅርጫት ልታወርድ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ተንጠራራች። ዘመነ በመስታወቱ ያየው ባልቴቲቱ ከመኪናው ፈቀቅ ሲሉ ነው። ቤዙ ሁለት ጊዜ ደለቀ። እሱ የእጇን ምት የሰማ መሰለው። ማርሽ አስገብቶ ነዳ።

ሰው ጮኸ፤ አልሰማም። ከኋላው የተቀመጠ ሰው ትከሻውን ጨምድዶ እስኪይዘው ድረስ ነዳ። ዘሎ ወርዶ ሲያይ ስርጉት አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ነበር። አልጮኸችም። በምኗ ትጮኻለች?

የእጅ አንጓዋ ተሰብሯል። ጄሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ ሁለቱ ጣቶቿ ግን እንደ ድሮው አይታጠፉም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ቤት ተቀምጠው ሳለ ዘመነ ደብቆት የሰነበተውን አወጣው።

«ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ያልሽኝን ሰምቼ ነበር።»

ስርጉት ምስር እየለቀመች ነበር፤ በግራ እጇ። ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ» አለች።

ዘመነ ለልቅሶም ለስድብም ተዘጋጅቶ ነበር። ለዚህ አልተዘጋጀም። «ካወቅሽ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሁለተኛ ልናገረው?»

በማግሥቱ ስፒከሩንም አምፕሊፋየሩንም አስፈትቶ ለሙጀሂድ መለሰ። ሙጀሂድ የሆነውን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። «ጠንከር ብዬ መናገር ነበረብኝ» አለ።

«ብትናገርስ፣ እኔ እሰማህ ነበር?»

ትንሹን ሊገጥምለት ፈለገ፤ ዘመነ እምቢ አለ። ወጣቱ ወደ ኃይለ ጊዮርጊስ ሄደ። ይሂድ። ዘመነ ድምፁ የሚያስተጋባ ረዳት ቀጠረና በየሳምንቱ ስርጉትን ይለምናት ጀመር።

«መኪናዋ ዝም ብላለች። ነይ እንጂ። ይሄን ልጅ አሰናብተዋለሁ።»

«እስቲ እጄ ይጥና» ትለዋለች። ክረምቱ ወጣ፣ መኸሩ ገባ። «እስቲ» አለች አሁንም።

በጥር እህቷ ፈንታነሽ ሞጣ ድግስ ጠርታት ነበር። ዘመነ ጠዋት ከቤት ሲወጣ «ሁለተኛ ተራ ነኝ፤ የፊቱን ወንበር እይዝልሻለሁ» አላት። መናኸሪያ ሆኖ ጠበቃት። ከፊት ሊቀመጥ የመጣውን ሁሉ ወደ ኋላ መለሰ። መኪናው ሞልቶ ተሳፋሪው እስኪያጉረመርም ድረስ ቆየና ወንበሩን ባዶ አድርጎ ሄደ።

ሞጣ ደርሶ ሰው እያወረደ ሳለ ከደጀን የመጣ አውቶቡስ ከኋላው ገባ። ስርጉት በኋላው በር ወረደች። ዘመነ እየሮጠ ደረሰባት።

«እኔ እኮ ስጠብቅሽ ነበር! አላየሽኝም?»

«አይቼሃለሁ» አለች።

ቃሏን ለመስማት ጎንበስ ብሎ ነበር። የምትጨምረው ያለ መስሎት እንደ ጎነበሰ ጥቂት ቆየ። እሷ ዘንቢሏን በግራ እጇ አስተካክላ ያዘችና በሰው መሐል አልፋ ወደ እህቷ ቤት ሄደች።