ወደ ቤት የምትመለሰው የካርቶን መኪና

ሰው በገዛ ቤቱ የገዛ ወንድሙን ጮሆ እንዳያለቅስ ሲከለከል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ፀዲን ከልክለውኛል። ከልካይዋ ደግሞ የወንድሜ ሚስት እልፍነሽ ናት።

ወንድሜ ፀጋው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከዶራሌ ወደብ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ ተመልሶ ካርቲየ 4 ሰፈር እቤታችን ጥቂት ያርፋል፣ ደግሞ ይወጣል። በሐምሌ ከገዋኔ ወዲያ መኪናው ተገልብጦበት ሞተ፤ እዚያው አገር ቤት ተቀበረ። የስራ ጓደኛው ጌቾ በጠዋት መጥቶ መርዶውን ሲነግረን የፀጋው ልጅ ፅዮናዊት ጎረቤታችን ሀኪማ ቤት ተኝታ ነበር። እልፍነሽ ከማልቀሷ በፊት የኔን አፍ በእጇ አፈነች። "ፅዮን እንዳትሰማ" አለችኝ።

ፅዮን ስድስት ዓመቷ ነው። "እኔ ራሴ ሳልቆም ልጄን ምኔ ላይ ላስደግፋት? ትንሽ ጊዜ ስጪኝ እትዬ ፀዲ" አለች እናቷ። አንጀቴን በላችው፣ እሺ አልኩ። አባትሽ መኪናው ተበላሽቶበት መለዋወጫ እየጠበቀ ነው ተባለ። ጥቁር አልለበስንም። እልፍነሽ ማልቀስ ሲያምራት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ትከፍታለች። እሷ ሆዳን ሰፈር ሰው ቤት ስራ ውላ እስክትመጣ ልጅቷን የምጠብቀው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ለቅሶዬን የት ልውሰደው?

ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የውጩ ሙቀት ፊት ይልጣል፣ ልጅ ቤት ውስጥ መያዝ አለበት። እሷን የሚይዛት የአባቷ ጨዋታ ብቻ ነበር። የምትማረው በፈረንሳይኛ ስለሆነ አማርኛ ያስነበባት እሱ ነው። የፓስታ ካርቶን በመዳፍ ልክ ይቆርጥና በየቁራጩ ላይ በመንገዱ ያለ ከተማ ስም ይጽፋል፤ ዶራሌ፣ ዲኪል፣ ጋላፊ፣ ሰመራ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ እያለ እስከ አዲስ አበባ። ካርቶኖቹ ከበሩ ተነስተው በግድግዳው ጥግ ጥግ እስከ አልጋው ይደረደራሉ። ከሳሙና ጠርቦ ነጥብ የነካካበት ዕጣ አለ። የወጣልሽን ያህል ትነጃለሽ፤ የደረስሽበትን ከተማ ስም ማንበብ ካቃተሽ ግን ነዳጅ ጨርሰሻል፣ ትቆሚያለሽ። መኪናዋን አባትና ልጅ አብረው ነው የሰሯት። ጎማዋ የውሃ ጠርሙስ ክዳን፣ ጎማውን የሚያያይዘው የመጥረጊያ ስንጥር፣ መብራቷ ከፀጋው ሸሚዝ የወለቁ ሁለት ቁልፎች። በዱቄት ሙጫ ሲለጥፉ ሁለቱም እስከ ክርናቸው ነጭ ይሆኑ ነበር።

ከመርዶው ወዲህ ፅዮን ዕጣ መጣል ተወች። መኪናዋን ከገዋኔ ትንሽ አሳልፋ፣ ካርቶን የሌለበት ባዶ ወለል ላይ አቆመችና "እዚህ ናት" አለች። ገዋኔ ብሎ የነገራት ሰው የለም። እኔና እልፍነሽ ተያየን።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ መኪናዋ ዞራለች፤ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ገዋኔ ላይ ቆማለች። ሌላ ቀን ደግሞ ሚሌ ገባች። እልፍነሽን ጠራኋት።

"ይቺን ነገር አንቺ ነሽ የምትነካኪያት?"

"እኔማ አንቺ ነሽ ብዬ ዝም አልኩሽ።"

"ምን ሆኜ ነው በካርቶን የምጫወተው?"

ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ ሦስታችንም እዚያው ነው የምንተኛው። ልጅቷ ናት ብዬ መኪናዋን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩና ቁልፉን ጡቴ ስር ወሽቄ ተኛሁ። ጠዋት ቁልፉ ጡቴ ስር ነው፣ መኪናዋ ሰመራ ናት። አዝዬ ያሳደግኩትን ወንድሜን ፈራሁት። ከዚያ በኋላ መኪናዋን ልነካትም ላነሳትም አልደፈርኩም፤ ወለሉን ስጠርግ እንኳ ዙሪያዋን ነበር የምጠርገው።

የፀጋው አርባ እየደረሰ ነው። ጌቾና የስራ ጓደኞቹ ቤቱን ይሞሉታል፣ ልጅቷ ካገኘችው ሰው አፍ ትሰማዋለች። የአባቷን ሞት ከመንገደኛ እንድትሰማ አልፈለግኩም። እልፍነሽን "ወይ ንገሪያት፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ" አልኳት። "ነገ" አለች። በነጋታውም "ነገ" አለች። መኪናዋ ግን ነገ አላለችም። ጋላፊ ድንበር ላይ ጉምሩክ እንኳ አላቆማትም፤ አለፈች፣ ዲኪል ገባች።

ለአርባው አንድ ቀን ሲቀር በጠዋት ነቃሁ። መኪናዋ ዶራሌንም አልፋ አፍንጫዋን በሩ ላይ አስደግፋ ቆማለች። ፅዮን አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች። መታጠቢያ ቤት ቧንቧው ይፈሳል፣ እልፍነሽ እዚያ ናት። ሄጄ ከልጅቷ ጎን ተቀመጥኩ።

"ፅዮንዬ፣ መኪናዋን ማነው እዚህ ያመጣት?"

"አንቺ አይደለሽም?"

"እኔ አልነካኋትም።"

"እኔም አልነካኋትም" አለች፤ ትንሽ አሰበችና፣ "እንግዲያው ራሱ ነው የሚነዳት።"

"ማን?"

"አባዬ። የሞተ ቀን መጥቶ አልጋው ላይ እግሬ ስር ተቀመጠ። መኪናው ወደቀ፣ እኔም ሞቻለሁ አለኝ። ቤት እስክገባ ድረስ ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ብቻዋን ስትሆን ትወድቃለች አለኝ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ፀዲዬ፣ አሁን በሩ ላይ ደርሷል። ለእማዬ ማን ይነግራታል?"

ያን ሁሉ ጊዜ እኛ ከእሷ ስንደብቅ እሷ ከእናቷ ስትደብቅ ከርማለች። መለዋወጫ እየጠበቀ ነው ስንላት ራሷን የምትነቀንቀው አምናን አልነበረም፤ እናቷ አላወቀችም ብላ አዝናላት ነው።

"ለጎረቤታችን ለአበባው እናት መርዶ ሲነግሩ አይቻለሁ" አለች ፅዮን። "በጠዋት ነው። ሰው ከኋላ ይይዛታል። አንቺ ያዣት፣ እኔ እነግራታለሁ።"

ቧንቧው ተዘጋ። እልፍነሽ ፊቷን በፎጣ እያደረቀች ወጣች። ተነስቼ ከኋላዋ ቆምኩና ትከሻዋን ያዝኩ። ወደ በሩ አየች፣ መኪናዋን አየች፣ ዞራ እኔን አየች።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ" አለቻት ልጇ፤ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። "አባዬ ሞቷል። መኪናው ወድቆበት ነው። አይዞሽ፣ እኔና ፀዲ አለን።"

አውቃለሁ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ልጇ ለብቻዋ ተሸክማው የከረመችውን መርዶ ገና አሁን እንደሰማች ሆና ተቀበለቻት፤ "ፀጋው" ብላ ጮኸች፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቧንቧ ሳትከፍት አለቀሰች። እኔም የታፈነ አፌን ከፈትኩና ወንድሜን በስሙ እየጠራሁ አለቀስኩት።

ሀኪማ ድምፃችንን ሰምታ ሮጣ መጣች። በሩን ስትገፋው መኪናዋ ወደ ውስጥ ተንከባለለች። ፅዮን ከእናቷ እቅፍ ሳትወጣ እጇን ዘርግታ አነሳቻት።

"ገባ" አለች።