ለስንቅ የተተወ ጥግ

ሻንጣ ማቅለል ለኢተፋ ከሥራ ሁሉ የቀለለ ነበር፤ የሚያከብድበት ሰው አልነበረውምና።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ሲብት፣ አዲስ አበባ ያስተምረው የነበረ ፈረንጅ መምህር አንድ ነገር አመጣለት። ከመምህሩ አገር የመጣች መርከብ ከምጽዋ ተነሥታ፣ ከየአገሩ ጥቂት ተማሪዎች አሳፍራ፣ ክረምቱን ሙሉ በሩቁ ሰሜን የባሕር ዳርቻ ስትዞር ልትከርም ነው። ሥራ የለም፣ ትምህርት የለም፤ ማየት ብቻ። መምህሩ የኢተፋን ስም ሰጥቶ ኖሮ፣ ስሙ ወጣ። ኢተፋ በዕድሜው ያየው ትልቅ ውኃ ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ነበር። እሱንም በአውቶቡስ መስኮት ሲያልፍ ነው ያየው። ቢሆንም ማታ ማታ ዓይኑን ጨፍኖ ገፈርሳን ይለጥጠው ጀመር፤ ወዲያ ማዶ ያሉትን ባሕር ዛፎች አንድ በአንድ እያነሣ ዳርቻ እስኪያጣለት ድረስ።

መምህሩ አንድ ቅዳሜ ራሱ ሱሉልታ ድረስ መጣ። ኢተፋ በሚኖርበት የአባቱ ቤት ደጃፍ ላይ ሻንጣውን ከፍቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከብቦት እያየ፣ አስተማረ።

«የኛ በጋ እንደ ሱሉልታ ሐምሌ ነው» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «ብርድ፣ ንፋስ፣ ካፊያ። ከባዱን ልበስ፣ ቀላሉን ያዝ። አንድ ወፍራም አይደለም፤ ሦስት ስስ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ካልሲ ጫማ ውስጥ። ሻንጣ አንድ፣ ትንሽ፤ መኝታው ጠባብ ነው። ምግብ የለም! መርከብ ላይ ምግብ ሞልቷል። ቅቤ፣ ዱቄት፣ በርበሬ፤ የለም!»

«የለም» ባለ ቁጥር ጣቱን ያወዛውዝ ነበር። ጎረቤቱም እንደ አዋጅ አዳመጠው።

ሱሉልታ ውስጥ ሰው ሩቅ አገር ሊሄድ ነው ከተባለ ስንቅ ይዞ የማይመጣ ጎረቤት የለም። የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ጩኮ ይሆናል፤ በሶ ይቋጠራል፤ ቋንጣ ይጠቀለላል። መንገደኛው በወጉ «ኧረ አይሆንም፣ ምን አስቸገራችሁ» ይላል። ሰጪው በወጉ «በሞቴ!» ይላል። እምቢታውም ልመናውም ሲመላለስ ቆይቶ መጨረሻው ያው መቀበል ነው። መንገደኛ ምን ያህል ሰው እንዳለው የሚታወቀውም አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በሚወጣው ጭነት ነው። ቀላል ሻንጣ ይዞ የሚወጣ ሰው፣ የሞተበት ወይም የተጣላ ነው ይባላል።

ኢተፋ አባቱ ሞቶበታል። እናቱ ድንቅቱን ደግሞ ሐዘኗ ከወጣ በኋላ ሽማግሎች ሰበታ ለሚኖር ኦቦ ቀጄላ ለሚባል ገበሬ ዳሯት። «ና አብረን እንኑር» ብትለው «የአባቴን ቤት ዘግቼ የትም አልሄድም» ብሎ ቀረ። የቀጄላን ቤት ደጁን እንጂ ውስጡን አያውቀውም። በዓል ሲሆን ይሄዳል፤ እናቱን አጥር ሥር ቆሞ ስሞ ይመለሳል። እሷም አትጫነውም። ሁለቱም ኩራተኞች ናቸው፤ የሚመሳሰሉትም በዚሁ ነው።

መምህሩ ከሄደ በኋላ የጎረቤቱ እመቤት፣ እትዬ አረጋሽ፣ መቀነታቸውን እያጠበቁ መጡ።

«እንግዲህ ኢተፋዬ፣ ምን ልሥራልህ? ጩኮ ይሻልሃል በሶ?»

«ኧረ እትዬ አረጋሽ፣ ምንም አልፈልግም። አይፈቀድም ተብሏል እኮ፣ ሰምተዋል።»

ይህን ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። አሁን «ወግድ! በሞቴ ባትወስድ!» ይሉታል፤ እሱም ሁለተኛ እምቢ ይላል፤ ከዚያ…

«አይ እንግዲህ፣ አይቻልም ከተባለ ምን ይደረጋል» አሉና ተመለሱ።

ኢተፋ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ቀረ። የወጉን ግማሽ እሱ ተጫውቶ፣ ሌላው ግማሽ ጠፋበት። እንዲህ እያለ ሰፈሩ ሁሉ ጠየቀው፤ ለሁሉም «ምንም አልፈልግም» አለ፤ ሁሉም አመኑት። ፈረንጁ ጣቱን እያወዛወዘ የከለከለውን ነገር ማን ይደፍራል?

ሰበታ ለሚመላለሰው የቅቤ ነጋዴ ለደቻሳም መልእክት ሰጠው። «ለእናቴ ሐሙስ እሄዳለሁ በላት። ምንም እንዳታመጣ፤ ክልክል ነው።»

«ትምጣ ልበላት ወይስ አትምጣ?» አለ ደቻሳ።

«ምንም እንዳታመጣ በላት» አለ ኢተፋ። ሌላውን እሷ ታውቀዋለች ብሎ።

ሻንጣውን ሲያሰናዳ ግን አንድ ነገር አደረገ። ሦስቱን ስስ ሸሚዝ እንደተነገረው አጥፎ፣ ካልሲውን ጫማ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ከሰልባጅ የገዛውን የሱፍ ሹራብ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ አስገባና፣ በስተቀኝ በኩል ሁለት ጡጫ የምታህል ጥግ ባዶ ተወ። መጻሕፍቱን አስቀረ፣ የአባቱን ካፖርት አስቀረ፣ ጋቢውን አስቀረ። ጥጓን ግን በምንም አልሞላትም።

ረቡዕ ከቀትር በፊት ሻንጣውን ይዞ ወደ ጋሼ ሀሰኖ ሱቅ ወረደ። ሀሰኖ ከሚስቱ ከራህመት ጋር ጨው፣ ስኳርና ጋዝ የሚሸጥ፣ ቀልድ የሚወድ ነጋዴ ነው። ሻንጣውን የእህል ሚዛኑ ላይ ሰቀለውና ሳቀ።

«ይሄ ሻንጣ ነው ትንፋሽ? ኧረ ልጄ፣ ነፋስ እንዳይወስድህ እዚያ ባሕር ላይ ድንጋይ እሰርበት!»

እየሳቀ እጁን ወደ ስኳሩ ጆንያ ሰደደ። ኢተፋ ወደ ሻንጣው ቀረብ አለ። ራህመት ግን የባሏን ክንድ ያዘች።

«ተው አንተ! የለም ተብሏል። ልጁን ከመንገድ ልታስቀረው ነው?»

ሀሰኖ እጁን ሰብስቦ ሱሪው ላይ ጠረገው። «እውነትሽን ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ አልቀለደም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣለ። ኢተፋ ደጁን ገርበብ አድርጎ ሻንጣውን አጠገቡ አስቀምጦ ተቀመጠ። ጭቃ የሚረግጥ እግር ይሰማና ይነሣል፤ እግሩ ያልፋል። አረጋሽን በአጥሩ ቀዳዳ አያቸው፤ አዩት፤ ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ስበው በሌላ መንገድ ዞሩ። «ምን በደልኳቸው?» አለ ለራሱ። መርከቧን ሊያስብ ሞከረ። ሁልጊዜ ስትመጣለት ነጭ ነበረች፤ ዛሬ ግን ወደብ የሚሸኙ ሰዎች ብቻ ታዩት፤ ነጠላ የሚያውለበልቡ፣ ሁሉም ሌላ ሰው የሚሸኙ። ከሰበታ የሚመጣው የመጨረሻው መንገደኛ የሚደርስበት ሰዓት አለፈ። ሻንጣውን ከፍቶ ጥጓን በመዳፉ ዳበሳት። ከዚያ ዘጋው።

በነጋታው ጉም መሬት ላይ እንደተኛ የቤቱን ቁልፍ ሊያስረክብ ሱቁን አንኳኳ። ራህመት ከፈተች። ባዶ እጇን አየት አድርጋ ከነጠላዋ ሥር ደበቀቻት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ ራህመት፣ ምን አደረግኋችሁ?» አለ ኢተፋ፤ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ አላሰበም ነበር። «አንድ ሰው እንኳን ደኅና ሁን ለማለት ብቅ አይልም?»

«እኛ?» አለች ራህመት ደንግጣ። «አንተ ልጅ፣ በምን ፊታችን? መንገደኛ ቤት ባዶ እጅ ተይዞ ይኬዳል እንዴ? አረጋሽ ትናንት እዚህ ተቀምጣ ስታለቅስ ነበር። ‘አሳድጌው፣ ዱቄት ሳላስይዘው በምን አፌ መንገድህን ያቅናልህ ልበለው’ ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ አፍሮ ነው የተደበቀህ!»

ኢተፋ ቁልፉን አቀበላት። «እናቴም?» አለ።

«ታዲያስ! እናትህማ ከሁላችን ይብሳታል።»

ተማሪዎቹ አዲስ አበባ የሚሰበሰቡት ከሰዓት በኋላ ነበር። ኢተፋ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዞ እንጦጦን ወረደ፤ ከተማ ሲደርስ ግን መሰብሰቢያው ዘንድ አልሄደም። የሰበታን አውቶቡስ ተሳፈረ። ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ያጠና ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፤ «በሞቴ ስጪኝ»።

ኦቦ ቀጄላ ደጃፉ ላይ ሞፈር ሲጠርብ አገኘው። ጢሙ የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ኢተፋን ሲያይ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?» አለ፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለቱ ነው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ምነው? አላገኘችህም?»

«ማን?»

«እናትህ ናታ! ሱሉልታ ሄዳለች። ጎሕ ሳይቀድ ነው የወጣችው።» ቀጄላ ራሱን ነቀነቀ። «መልእክትህ የደረሰ ለት ጩኮ አሽታ ጨርሳ ነበር። ደቻሳ ‘ክልክል ነው’ ሲላት ይኸው ቁጭ አለች። ‘ባዶ እጄን እንዴት ልሂድ፣ ብይዝ ደግሞ ወደቡ ላይ ያስቀሩብኛል’ ስትል ከረመች። ዛሬ ግን ተነሣች። ‘የሚስቅብኝ ይሳቅ፣ ልጄን ሳላየው ባሕር አይሻገርም’ ብላ ባዶ እጇን እያወዛወዘች ሄደች።»

ኢተፋ ወደ መንገዱ ዞረ። አንደኛው አውቶቡስ ወደዚያ፣ አንደኛው ወደዚህ፤ የት ላይ ተላለፉ? ቡና ቤቶቹ ጋ ይሆን፣ ገበያው ጋ? ምናልባት መስኮት ለመስኮት። ሱሉልታ ቢመለስ መሰብሰቢያው ያልፈዋል፤ እሱ እዚያ ሲደርስ ደግሞ እሷ ወደዚህ ልትነሣ ትችላለች።

«ግባ» አለ ቀጄላ።

ኢተፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። ቤቱ ጨለም ያለ፣ ንጹሕ ነበር። ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ የእሱ የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ በሙጫ ተለጥፏል፤ ማን እንደ ለጠፈው አልጠየቀም። ቀጄላ ከቆጡ ላይ በኮባ ቅጠል የተሸፈነች ትንሽ የእንጨት ገበታ አወረደ። ጩኮው ላይ የእናቱ አራት ጣቶች ገና ታትመው ነበር።

«ክልክል ነው አይደል?» አለ ቀጄላ።

«ክልክል ነው» አለ ኢተፋ። «ይስጡኝ፣ ኦቦ።»

ቀጄላ ሁሉንም ሊሰጠው ቢፈልግም ሻንጣው አልበቃም። ጥጓ ግማሹን እንኳ አልያዘችም። ኢተፋ የሱፍ ሹራቡን ጎትቶ አወጣና መደቡ ላይ አኖረው።

«ይህን ለእናቴ ይስጡልኝ። ሰበታም ይበርዳል።»

«አንተስ? ያ አገር ብርድ ነው አላለም ፈረንጁ?»

«ሱሉልታ አይደል ያደግሁት» አለ ኢተፋ።

ቀጄላ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘው። ሊሳፈር ሲል ግንባሩን ሳመውና «ነጋን ገሊ» አለው፤ በሰላም ተመለስ።

መምህሩ ልክ ነበር። ምጽዋ ሲደርሱ ሙቀቱ ቅቤውን አቀለጠው፤ ቅቤውን ሸሚዙ፣ ካልሲው፣ የሻንጣው ገበር ሁሉ ጠጣው። በመርከቧ ጠባብ መኝታ ቤት አብረውት ያሉት ልጆች መጀመሪያ አፍንጫቸውን ያዙ፤ በኋላ መስኮት ከፈቱ፤ በመጨረሻም ሻንጣውን ውጭ እንዲያሳድረው በምልክት ለመኑት። እሱ ግን ታቅፎት አደረ።

ሰሜን ሲደርሱ ያ የተባለው በጋ መጣ። ሰማዩ ዝቅ ያለ፣ ባሕሩ አመድ የመሰለ፣ ካፊያው የማያባራ፤ ቁርጥ የሱሉልታ ሐምሌ። ኢተፋ ሦስቱንም ሸሚዝ ደራርቦ መርከቧ ላይ ለብቻው አግዳሚ ወንበር ያዘ። ንፋሱ ሹራቡ ሊሆን በሚገባው ቦታ ሁሉ ገባ። ሻንጣውን ከፈተ። የቀለጠው ጩኮ በብርዱ እንደገና ረግቶ፣ የጥጓን ቅርጽ ይዞ ድርቅ ብሏል፤ የጣቶቹ አሻራ ጠፍቷል።

አንድ ቀይ ጸጉር ያለው ልጅ በአጠገቡ ሲያልፍ ኢተፋ ቆርሶ ዘረጋለት። ልጁ እጁን አወዛወዘ፤ አልፈልግም ማለቱ ነበር።

«በሞቴ» አለ ኢተፋ በአማርኛ። ልጁ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «አፈር ስሆን! አንዲት ጉርሻ!»

ልጁ ነገሩ ባይገባውም ድምፁ ሳያስፈራው አልቀረም፤ ተቀብሎ አፉ ውስጥ ጨመረ። አኝኮ፣ ፊቱን አጨማድዶ ዋጠና፣ ትከሻውን መታ አድርጎለት ብርዱን ሸሽቶ ወደ ውስጥ ገባ። በሩ ተዘጋ።

ኢተፋ የቀረውን ያዘ። እናቱ ያን ሐሙስ ሱሉልታ ስትደርስ ያለውን ነገር ያስብ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በሐሳቡ ያልሳለበት ቀን የለም። ራህመት ቁልፉን ትሰጣታለች። ትከፍታለች። ትገባለች። ሻንጣውን ለማቅለል ያስቀረው ሁሉ እዚያ ነው፤ ካፖርቱ ምስማሩ ላይ፣ መጻሕፍቱ መስኮቱ ሥር፣ ጋቢው አልጋው ላይ። ጋቢውን ታነሣና ታጥፈዋለች፤ እንደገና ትዘረጋዋለች፤ እንደገና ታጥፈዋለች። ባዶ የነበረው እጇ ሥራ ያገኛል።

ካፊያው በረታ። ኢተፋ አንዲት ቁራሽ አፉ ውስጥ አድርጎ እስክትሟሟ ድረስ ሳያኝክ ጠበቀ።