የጓዳው ኬላ

ሰሊማ ትእዛዙን ጽፋ ጨርሳ እጇን ገና ከላፕቶፑ ሳታነሳ ስልኳ ጠራ። ታላቅ ወንድሟ ከማል ነበር፣ ከኮምቦልቻ።

«የእማ ቤት ካሜራ ጠፍቷል። መብራት ሄደ እንዴ?»

«መብራት አለ። ካሜራውም ደህና ነው። ያገድኩት እኔ ነኝ።»

ከጀርባው የሱቅ ጫጫታ ይሰማል። ከማል ቧንቧና የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይሸጣል፤ ደንበኛ ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም። «እየመጣሁ ነው» አለና ዘጋው።

ሰሊማ ስልኩን አስቀመጠች። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚህ ቤት የከማልን ቃል ያጠፈ ሰው አልነበረም። እሷም ብትሆን ከሚሴ ውስጥ ኮምፒውተር ጥገና ለማስተማር የበቃችው እሱን አስፈቅዳ ነው። ቢሆንም የጻፈችውን ልትሰርዝ እጇን አልዘረጋችም።

ትእዛዙ የገባው በአንድ ሰሌዳ ላይ ተሟልታ በተሠራች፣ መዳፍ በማትሞላ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሰሊማ ይህችን ዕቃ ከሞደሙና ከቤቱ ዋይፋይ መካከል አስገብታ፣ የሚገባውም የሚወጣውም ሁሉ በእሷ በኩል እንዲያልፍ አድርጋለች። የሙያው ሰዎች ፋየርዎል ይሉታል። እናቷ ረቢአ ዕቃዋ ምን እንደሆነች በጠየቋት ቀን ግን፣ «ኬላ ናት፣ እማ» አለቻቸው። «የደሴ መኪና ኬላ ላይ ቆሞ አይፈተሽም? እንደዚያ።»

«ታዲያ ጉቦ እንዳትበላ ተጠንቀቂያት» ብለው እናቷ ሳቁ። ያኔ ገና ይስቁ ነበር።

ሰሊማ ኬላዋን ያቆመችው የውጭ ተንኮል ወደ ቤት እንዳይገባ ነበር። ከቤት የሚወጣውን ልብ ብላ ያየችው ትናንት ነው። ከማል «ሌባ እንዳይደፍራችሁ» ብሎ ሳሎኑ ጥግ የሰቀለው ካሜራ፣ እሱ ስልኩን ሲከፍት ብቻ ሳይሆን ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይልካል። የካሜራውን ማስተካከያ ከፍታ ስታይ ደግሞ የሚሄደው ምስል ብቻ አልነበረም። ድምፅም ነበረበት።

ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት።

ያ ሳሎን ረቡዕ ረቡዕ የሰፈሩ ሴቶች ለዱዓ የሚሰበሰቡበት ነው። ሻሻቸውን አውልቀው፣ በሆዳቸው ያለውን አውጥተው ይጫወታሉ። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ዓፊያ፣ ባሏ አደም እጁን እያነሳባት መኖር እንዳንገፈገፋትና ፍቺ ልትጠይቅ እንደቆረጠች እያለቀሰች የተናገረችው እዚያ ነው። ብዙም ሳይቆይ አደም ያለችውን ቃል በቃል ደገመላት፤ ፊቷ አብጦ ሰነበተ። አንድ ቀን መጥታ በር ላይ ቆመች። «እማማ ረቢአ፣ እርስዎን እንደ እናቴ ነበር የማይዎ» አለችና ሄደች። ሌሎቹ ሴቶችም ቀስ በቀስ ቀሩ። ረቢአ «ወላሂ ከአፌ አልወጣም» ቢሉ ማን ይመናቸው? ረቡዕ በመጣ ቁጥር ምንጣፉን አንጥፈው ብቻቸውን ይቀመጡ ጀመር።

ሰሊማ ይህን ለእናቷ ገና አልነገረችም። እንዴት ብላ ትንገራቸው?

ከቀትር በኋላ የባጃጅ ድምፅ ደጅ ላይ ቆመ። ከማል በያዘው ቁልፍ ከፍቶ ገባ።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ?» አሉ ረቢአ የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ።

ሰላምታውን ሳይመልስ አልፏቸው ወደ ሰሊማ መጣ። «የታለች ያቺ ዕቃሽ?»

ሰሊማ ተነስታ ዕቃዋ የተቀመጠችበት መደርደሪያ ፊት ቆመች። «መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ። ዓፊያ እዚህ ቤት ያወራችውን ለአደም የነገርከው አንተ ነህ?»

ከማል ዓይኑን ወደ ካሜራው አነሳና መለሰ። «አደም አብሮ አደጌ ነው። ሚስቱ ትዳሩን ልታፈርስ ስትመክር እየሰማሁ ዝም ልበል?»

«ከዚያ በኋላ ፊቷን አይተኸዋል? ካሜራህ እዚያ ድረስ አይደርስም።»

የሙስበሃው ኮሽታ ቆመ።

«እየሰማሁ?» አሉ ረቢአ። «በምን ጆሮህ?»

«እማ፣ እኔ እኮ ለእናንተ ደህንነት ብዬ…»

«እዚህች ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ ‹ያ ረቢ፣ ምላሴ የት ላይ ሳተኝ?› እያልኩ ሳለቅስ… ያኔም ታየኝ ነበር?»

ከማል እጁን ወደ ዕቃዋ ሶኬት ዘረጋ። ሰሊማ አልተነቃነቀችም። ትከሻው ትከሻዋን ነካ፤ የሚተነፍሰው አየር ፊቷን ሞቃት። ካሜራው ከተሰቀለ ወዲህ በዚህ ቤት ስትሄድ ስትመጣ፣ ብቻዋን ሳለች እንኳ፣ ሻሿን እያስተካከለች መኖሯ ትዝ አላት። ፍርሃቷ ወደ ንዴት ተለወጠ።

«ብትነቅላት ኢንተርኔቱም አብሮ ይቋረጣል፤ ካሜራህ ያኔም አያይልህም። ብትሰብራት ሌላ እሠራለሁ። ሥራዬ ነው፣ ወንድምዓለም።»

«በአባቴ ቤት አንቺ ልታዢ?»

«ዲሲ!» አሉ ረቢአ። ሲቆጡ አማርኛው ይጠፋቸዋል፤ ተው ማለታቸው ነበር። የከማል እጅ በአየር ላይ ቀረ። ረቢአ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። «አንተ ሰቀልከው፣ አንተው አውርደው። ስመለስ እዚያ ላይ እንዳላገኘው። ሰሊማ፣ ነጠላዬን አቀብዪኝ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው መንገዱን ተሻገሩ። የአደምን በር ያንኳኩት ረቢአ ራሳቸው ናቸው። አደም በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ።

«እማማ ረቢአ… ደህና ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። ዓፊያን ላነጋግራት መጥቼ ነው።»

«የለችም።»

ከጀርባው፣ ከግቢው ውስጥ፣ ልብስ ሲታጠብ ይሰማል።

«እንግዲያ እንጠብቃታለን» አሉ ረቢአ። ከበሩ አጠገብ ያለውን ድንጋይ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ተቀመጡበት።

«እዚህ ፀሐይ ላይ?»

«እዚሁ።»

የከሰዓት በኋላው የዓስር ሰላት አልቆ ሰው ከመስጊድ ይመለሳል። የሚያልፈው ሁሉ አሮጊቷን በሰው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያይ እርምጃውን ቀነስ አድርጎ ሰላም ይላቸዋል፤ እሳቸውም ግቢው ውስጥ እንዲሰማ ለእያንዳንዱ ጮክ ብለው ይመልሳሉ። አደም በሩን ሊዘጋው አልደፈረም፤ አልከፈተውምም። ሰሊማ ከእናቷ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከግቢው ውስጥ የእጥበቱ ድምፅ ቆመ።