የሻርሼን ቀይ ኮከብ

ኤጄ ቡሩላይ በሬን ሲያንኳኩ ባለቤቴ ካረፈ አሥራ አራት ወር ሆኖት ነበር። እሳቸው ግን አልሰሙም። ከገጠራቸው ከአት-ባሺ እስከ ኪርጊዝስታን ዋና ከተማ እስከ ቢሽኬክ ግማሽ ቀን በሚኒባስ ተጉዘው፣ በአንድ እጃቸው በጨርቅ የታሰረ ቦርሶክ የሚባል የተጠበሰ ሊጥ፣ በሌላው የፈረስ ወተት የሞላበት ጠርሙስ ይዘው ደረጃው ላይ ቆመዋል።

«ኩባኒች አለ?» አሉኝ። «የዛሬ ስምንት ዓመት ያስለቀሰኝ ሰውዬ።»

«አርፏል ኤጄ። አምና በሚያዝያ።»

ታላቄ ናቸውና ኤጄ፣ ታላቅ እህቴ፣ ነው የምላቸው። ገቡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ቁርዓን ቀሩ። ሲጨርሱ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን አበሱ።

«አላህ ይማረው» አሉ። «ልጣላው ነበር የመጣሁት። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

«ከእኔ ጋር ይጣሉ።»

«አንቺማ ያን ጊዜ ሻይ ሰጥተሽኛል።»

እኔም አልረሳሁትም። ያን ቀን ከጉያቸው የተቋጠረ መሐረብ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። የአባታቸው የሻርሼን የቀይ ኮከብ ኒሻንና አብሮት የሚሰጠው ትንሽ ደብተር ነበሩ። ኩባኒች አርባ ዓመት የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሶቪየት ኒሻኖች ሲሰበስብና ሲያጣራ የኖረ ሰው ነው። ኒሻን ሲሰጡት ፊቱን ሳያይ ይገለብጠዋል። «አታላይ ፊቱን ያሳምራል፤ ጀርባው ላይ ግን ይሰንፋል» ይል ነበር። የሻርሼንንም ኮከብ ገልብጦ በአጉሊ መነጽሩ ረጅም ጊዜ አየው። ብሩ እውነተኛ ነው፤ ቀዩ ልባጥ የዘመኑ ነው፤ ልብስ ላይ የሚታሰርበት ቡሎንና ዳዶ አልተቀየሩም። በደብተሩም ላይ ቀለሙ፣ ፊርማውና ማኅተሙ ደኅና ናቸው። ችግሩ ቁጥሩ ነበር። ደብተሩ ላይ የተጻፈው በ417 ያልቃል፤ ኮከቡ ላይ የተቀረጸው በ418።

«ሁለቱም እውነተኛ ናቸው» አላቸው። «ግን የአንድ ሰው አይደሉም።»

የማረጋገጫ ወረቀት ሳይጽፍላቸው ሄዱ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሶቪየት ፈርሳ ሰው የአባቱን ኒሻን ለዱቄት በሸጠበት ዘመን፣ የባዛር ነጋዴዎች የአንዱን ኮከብ ከሌላው ደብተር ጋር እያጣመሩ ይሸጡ ነበር። የኤጄ ቡሩላይ የአጎት ልጅ ኢማናሊም ወሬውን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። «ሻርሼን የራሱን በበግ ለውጦ በልቶታል፤ ልጁ ከኦሽ ባዛር ሌላ ገዛችለት» ብሎ በየሠርጉ አወራ።

«አሁን ደግሞ» አሉኝ ኤጄ ቡሩላይ፣ «ትምህርት ቤቱ የዘማቾች መታሰቢያ ክፍል ሊከፍት ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ይመስልሻል?»

«ኢማናሊ።»

«ኢማናሊ። ወረቀት ከሌለው ፎቶውን እሰቅላለሁ፣ ኮከቡን ግን አላስገባም አለኝ። የሌላው ሁሉ አባት ኒሻኑ ከሥሩ ሲቀመጥ፣ የእኔ አባት ባዶ ደረቱን ሊሰቀል ነው። እኔ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሌላ ክፍል እስኪከፈት አልቆይም።» ያንኑ መሐረብ አውጥተው ፊቴ ፈቱትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማኅተሙ አንቺ ዘንድ ነው አይደል? ሁለት መስመር ጻፊልኝ። እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ አይቆጣ።»

ማኅተሙ አጠገቤ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ልጽፍላቸው ፈልጌ ነበር፤ ይህን አልክድም።

«ኩባኒች ያልጻፈውን በኩባኒች ማኅተም መጻፍ አልችልም፣ ኤጄ።»

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል አሉ» አሉና መሐረባቸውን መልሰው መቋጠር ጀመሩ።

«ቆይ፣ አይቋጥሩት። ካርዱን ልይ።»

ባለቤቴ ለሚያየው ኒሻን ሁሉ ካርድ ነበረው። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሬ ዕድሜዬን በቤተ መጻሕፍት ስለሠራሁ ካርድ መጻፍ አይከብደኝም። የሻርሼንን ካርድ አወጣሁት። የእኔ ጽሑፍ ካለቀበት በታች፣ በእርሳስ፣ በኩባኒች ጠማማ እጅ የተጻፈ ነገር ነበር።

«418፦ ዬፊም ዙብኮቭ፣ የፔንዛ ሰው። ከሻርሼን ጋር አንድ ሻምበል፤ የተሸለሙትም በአንድ ቀን። ለዬፊም ልጅ ጽፌያለሁ። ሴትዮዋን በድዬያት እንዳይሆን።»

ከመሞቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ የተጻፈ ነው። አልነገረኝም ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ በስሙ የመጡለትን ደብዳቤዎች ከቁም ሣጥኑ ታችኛው መሳቢያ አስቀምጬአቸዋለሁ። አንዱንም አልከፈትኩም። ለምን እንደሆነ ለማንም አላስረዳሁም፤ እዚህም አላስረዳም። መሳቢያውን ሳብኩና የፔንዛ ፖስታ ቤት ማኅተም ያለበትን ፈለግሁ። ከሥር አካባቢ ተገኘ።

«አንቺ ካልቻልሽ እኔ ልክፈተው» አሉ ኤጄ ቡሩላይ፣ እጄን እያዩ።

«እችላለሁ።»

ፖስታው ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ነበር፤ የቀይ ኮከብ ጀርባ። ቁጥሩ በ417 ያልቃል። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«የተከበሩ ኩባኒች፤ ደብዳቤዎ እስኪደርሰኝ ድረስ የአባቴን ኮከብ ገልብጬ አይቼው አላውቅም ነበር። አባቴ ስለዚያ ቀን ሲያወራ ይስቅ ነበር። እሱና ሻርሼን የሚባል የኪርጊዝ ጓደኛው አብረው ተሸለሙ። ኒሻን ካልታጠበ አይረባም ይባላልና፣ ሁለቱንም ኮከቦች አንድ ጣሳ ውስጥ ከተው ቮድካ አፈሰሱባቸው። እየተቀባበሉ ጠጥተው፣ ሥሩ ላይ ሲደርሱ እያንዳንዱ አንድ ኮከብ በጥርሱ አወጣ። የትኛው የማን እንደሆነ ማን አየ? ወዲያው ወደ ምሽግ ተጠሩ። ደብተሩን የሞላው ጸሐፊ ደግሞ ቁጥሩን የጻፈው ከወረቀት አይቶ ነው እንጂ ከኮከቡ አይደለም። የሻርሼን ልጆች ከፈለጉ እንለዋወጣለን። ገናዲ ዙብኮቭ።»

ኤጄ ቡሩላይ ፎቶግራፉን ወስደው ከኮከባቸው አጠገብ አኖሩት።

«አባቴ አይጠጣም ነበር» አሉ።

«ብርድ ነበር፣ ኤጄ።»

«አምስት ወቅት የሚሰግድ ሰው ነው የምልሽ።»

«ከተመለሱ በኋላ ይሆናል።»

አሰቡ። ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ነበር የሚንቀጠቀጠው። «እናቴ እኮ አባቴን ትለው ነበር! አንተ ሰውዬ፣ ሰው ቤት ሻይ ስትጠጣ የሲኒውን ሥር ምን ታያለህ? የጠፋብህ ነገር አለ? ትለው ነበር።»

ወረቀቱን ጻፍኩ። ኮከቡና ደብተሩ ለምን እንደሚለያዩ፣ የገናዲ ደብዳቤና ፎቶ አብረው መያያዛቸውን፣ ሻርሼን ደረቱ ላይ ያደረገው ኮከብ በተሸለመበት ቀን በገዛ ጥርሱ ያወጣው መሆኑን።

«ቮድካውን ተይው» አሉኝ በትከሻዬ ላይ አሻግረው እያዩ። ማንበብ ባይወዱም ቃሏን ለይተዋታል።

«ካልጻፍኩት ኢማናሊ እንዴት ያምናል?»

«እሺ፤ ትንሽ ነበር በይ።»

«ለትንሽነቱ ማስረጃ የለኝም።»

«አይ፣ ኩባኒች አልሞተም» አሉ። «እዚሁ ተቀምጧል።»

ከሥሩ «ያጣራው ኩባኒች፤ የጻፈችው ሳይካል» ብዬ ፈረምኩና ማኅተሙን አሳረፍኩበት። ኮከቦቹን ላለዋውጥልዎት ወይ ብዬ ስጠይቃቸው እንቢ አሉ። «አባቴ ያወጣውን እኔ አልመልስም፤ ለፔንዛው ልጅ ግን ከነቤተሰቡ አት-ባሺ መጥቶ በግ እንዲበላ ጻፊልኝ።»

«ልጣላው መጥቼ፣ ሞቶ እንኳ ሠርቶልኝ አገኘሁት» አሉ ከዚያ። «አመስግኚልኝ። መቃብሩ ጋ ስትሄጂ።»

«እኔም እርስዎን አመሰግናለሁ።»

ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ጠርሙሱን አንስተው፣ «እንግዲህ እንጠበው፤ በወጉ» አሉ።

«በፈረስ ወተት አይሆንም። ይኮመጥጣል፤ ብሩን ይበላዋል።»

«በሻይስ?»

«ሻይ ይሆናል። ትኩስ ከሆነ ግን ቀዩ ልባጥ ይሰነጠቃል። ይቀዝቅዝ።»

በሁለት ሲኒ ሻይ ቀዳሁ፤ በአንዱ ልንጠጣ፣ በአንዱ ኮከቡን ልናጥብ። ኤጄ ቡሩላይ ቦርሶኩን ፈተው በመሐላችን አኖሩት። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ወደ መሳቢያው ዞርኩና ቀጥሎ ያለውን ደብዳቤ አወጣሁ።